ሦስተኛውና ሰባተኛው አውታር

በገናውን በጀርባዬ አዝዬ የመዳብ ቀጥቃጮቹን ቁልቁለት ስወርደው ያስነሣሁትን አቧራ ያየ ሁሉ ፈረሰኛ ጦር መጣ ብሎ መስኮቱን ዘጋ። ቢያንስ ሦስት ባለሱቆች ዘግተዋል። አራተኛው ሊዘጋ ሲል እኔ መሆኔን አይቶ ተወው፤ እሱም ቢሆን ባርኔጣውን ለማንሣት ነው የተወው ብዬ አምናለሁ።

ከኋላዬ ባለቤቴ ትሮጣለች። በጉያዋ ሁለት የበግ አንጀት አውታር ይዛለች። አሥር አውታር ሊኖረው የሚገባው በገና ስምንት ብቻ ይዞ በጀርባዬ ላይ ይንቋቋል። ከቤተ መንግሥቱ ደጅ ነጋሪቱ አንድ ጊዜ ተጎስሟል። ሦስተኛው ሲጎሰም የአዳራሹ በር ይዘጋል።

"አንተ ሰው፣ ቀስ በል እንጂ" ትላለች ከኋላዬ። "ብትወድቅ አንተስ ትነሣለህ፤ እሱ ነው የማይነሣው።"

ወደዚህ ሩጫ እንዴት እንደገባሁ እየሮጥኩም ቢሆን እነግራችኋለሁ፤ ትንፋሼ እንደሆነ የሦስት በሬ ነው።

አገረ ገዥው ከተማችንን በኃይል ከያዘ ሦስት ዓመቱ ነበር። ግንባችንን በመጀመሪያው ሳምንት አፈረሰው። ግንበኞቻችን ያንን ግንብ ሲሠሩ፣ ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ የሚያዜሙበት ቅኝት ግን አልፈርስ አለው። የግንብ ቅኝት እንለዋለን። በሰፈር አንድ ሰው በዚያ ቅኝት ካዜመ፣ የሰማው ሁሉ ሳያውቀው አንገቱን ቀና ያደርጋል፤ ቀና ያለ አንገት ደግሞ ገዥ አይወድም። ስለዚህ አዋጅ ወጣ። ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም ባለ አውታር መሣሪያ በአዋጅ ቅኝት ብቻ ይቃኝ፤ በግንብ ቅኝት የተጫወተ አውራ ጣቱን ይቆረጥ።

ከዚያ ወዲያ ከተማችን የገባበትን ቀን በአዳራሹ ሊያከብር አሰበና እማማ ጣትን አስጠርቶ "አዲስ ዜማ ድረሺልኝ፣ አንቺው ትጫወቺዋለሽ" አላቸው።

እማማ ጣት ስማቸውን ያገኙት ከእጃቸው ነው። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል፤ ጉልበታቸው ደረጃ አይወጣም፤ ጣቶቻቸው ግን ገና ያልዳሩ ልጃገረዶች ናቸው። ያለ አውራ ጣት እማማ ጣት ምን እንደሚሆኑ ማሰብ የሚፈልግ ሰው በከተማው አልነበረም።

ዜማው በታዘዘ በሳምንቱ ወደ ሱቄ መጡና ከግድግዳው ላይ ማሲንቆ፣ ክራርና በገና አስወረዱኝ። ሦስቱን ፊታቸው ደርድረው እንደ ዳኛ ተቀመጡ።

"የግንብን ዜማ እፊቱ ልጫወትለት ነው" አሉ፣ ውሃ ስጠኝ እንደሚሉ።

"እማማ፣ ጣትዎስ?"

"ጣቴማ ነው የሚጫወተው።" ማሲንቆውን አነሡ። "ይሄ አይሆንም። አንድ አውታር ነው፤ ቅኝቱ ያለው ጣቴ ላይ ነው። ቅኝት የሚፈትሸው ሹም ጣቴ ላይ ዓይኑን ተክሎ ይቆማል፤ ሸርተት ባልኩ ቁጥር ያየኛል።" አስቀመጡት። ክራሩን አነሡና አንድ ጊዜ ነካ አደረጉ። "ይቺም አትሆንም። አውታሯ አጭር ነው፤ ድምጿ ፈጣን ነው፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ካሳለ ትሞታለች።" ከዚያ በገናው ላይ መዳፋቸውን ጣል አደረጉ። "ይሄ ነው። ይሄ በጆሮ አይሰማም፣ በሆድ ነው የሚሰማው። ከየአውታሩ ሥር ያለው ቆዳ ደግሞ ድምፁን ስለሚያንዘረዝረው ትንሽ ከቦታው ቢወጣም ወዲያው አይጋለጥም። ከሁሉ በላይ ግን አውታሩ ረጅምና ወፍራም ነው። ሲላላ እንደ ሽማግሌ አቀማመጥ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ እየተቃሰተ።"

"የኔ አውታር አይላላም" አልኩ።

"ችግሩ እሱ ነው" አሉ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ትንሽ ማለት አለብኝ፤ ብዙ ማለት አልወድም። አውታር ገማጅ ነኝ። የሌላ ሰው አዲስ አውታር ገና ሲወጠር ይረግባል፤ በየመሃሉ ካልቃኙት ዜማውን ያበላሻል። እኔ ግን አዲሱን አውታር ከጓዳዬ ውስጥ ድንጋይ አንጠልጥዬበት ሰባት ቀን አቆየዋለሁ፤ መርገብ ያለበትን ሁሉ እዚያው ረግቦ ይጨርሳል። አንድም አውታሬ ከተገጠመ በኋላ ዝቅ ብሎ አያውቅም። ይህንን በገበያ፣ በመታጠቢያ ቤት፣ በሁለት ቀብር ላይም ሳይቀር ተናግሬ ስለነበር ከተማው ስሜን ትቶ "አያ አይላላም" ይለኝ ነበር።

የእማማ ጣት ሐሳብ ይህ ነበር። ሁለቱ ቅኝቶች የሚለያዩት በሁለት አውታር ብቻ ነው፤ ሦስተኛውና ሰባተኛው በግንብ ቅኝት ትንሽ ዝቅ ይላሉ። ስምንቱ አውታሮች ነባር ይሁኑ። ሦስተኛውና ሰባተኛው ግን የሚላሉ አዲሶች ይሁኑ። ሹሙ ሲፈትሻቸው በአዋጁ ልክ ይገኛሉ። እማማ ጣት ከዜማው ሦስት እጅ ሁለቱን በስምንቱ ብቻ ይጓዛሉ፤ ሁለቱን አይነኩም። እነሱ በዝምታ እየወረዱ የግንብ ቅኝት ላይ ሲደርሱ፣ ያኔ ይነኳቸዋል።

በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሊያስብ የሚችል ከእኔ በቀር የለም፤ እሳቸው ትንሽ ቀደሙኝ እንጂ።

"መቼ፣ ምን ያህል እንደሚወርዱ አንተ ታውቃለህ" አሉኝ።

"እኔ ካላወቅኩ ማን ያውቃል" አልኩ። አላውቅም ነበር።

ሁለት አውታር ገመድኩ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ድንጋይ ሳላንጠለጥል ጓዳ ሰቀልኳቸው። ምስጢር ነው ብዬ ለባለቤቴ አልነገርኳትም። በበዓሉ ዕለት ጠዋት ላወርዳቸው ስገባ ከእያንዳንዳቸው ጫፍ የራስ ቅል የሚያህል ድንጋይ ተንጠልጥሏል።

"ረስተኸው ነበር" አለች ባለቤቴ ከኋላዬ፣ ምስጋና እየጠበቀች። "ሰባት ቀኑን ሙሉ እኔ ስጠብቅልህ ከረምኩ። አሁን በመዶሻ ቢመቷቸው አይላሉም።"

ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። አልጋው ሥር ገብታ ክዳን ያለው ቅርጫት ጎትታ አወጣች። ሙሉ አውታር ነው።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩ።

"ሃያ ዓመት ሙሉ የሚላላውን እየለየሁ የት ስጥለው የኖርኩ ይመስልሃል?"

"ከእጄ የሚላላ አውታር ወጥቶ አያውቅም።"

"ከእጅህማ ወጥቷል። ከቤት ነው ያልወጣው።"

ከዚያ ቅርጫቱን እንደ ምስር ታበጥረው ጀመር። አንዱን እያነሣች "ይሄ መውረዱን አያቆምም፣ እንደ አንተ ወሬ ነው" ብላ ትጥላለች። ሌላውን "ይሄ ይበጠሳል" ትላለች። እያንዳንዱን ወጥራ፣ ጠብቃ፣ ፈትታ ያጠናችው ነው። በመጨረሻ ሁለት ያዘች። "የነዚህ አገማመዳቸው ክፉ ነው፤ ሲፈቷቸው ይሰበሰባሉ፣ ሲወጥሯቸው መልሰው ይወርዳሉ። ወፍራሟ አንድ ድስት ውሃ ፈልቶ እስኪገነፍል ጥፍር ታህል ወርዳ ቀጥ ትላለች። ቀጭኗ ትንሽ ትቆያለች። ልክህ ይሄ ነው?"

ልኩ ያ ነበር።

ነጋሪቱ ሁለተኛውን ሲጎሰም ከቤተ መንግሥቱ ደጅ አጠገብ ካለችው የእማማ ጣት ክፍል ደረስን። አውታሮቹን የገጠመቻቸው ባለቤቴ ናት፤ እኔ ላቤን ስጠርግ ነበር። እማማ ጣት ቃኟቸው። ባለቤቴን ቀና ብለው አዩና "መቼ እንደደረሱ በምን አውቃለሁ?" አሏት፤ እኔን አልጠየቁም።

"ከፊት እቀመጣለሁ" አለች። "አንድ ጊዜ ሳስል ሦስተኛው ደርሷል። ሁለት ጊዜ ሳስል ሰባተኛው።"

በአዳራሹ ደጅ የቅኝት ሹሙ አምስት የነሐስ ቃጭሎች በመቀነቱ አንጠልጥሎ ቆሟል። አንዱን ቃጭል ይመታል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አውታሩን ይነካል። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ልቤ ከቃጭሉ በላይ ጮኸ፤ ዘበኞቹ እንዴት እንዳልሰሙት እስከ ዛሬ ይገርመኛል። "ትክክል" አለ። ሰባተኛው ላይም "ትክክል" አለ። ከዚያ የመቃኛዎቹን እንጨቶች በፈትል አሠረና በየቋጠሮው ላይ ቀይ ሰም አፍስሶ ማኅተሙን ጫነ። ማንም መቃኛውን ቢያዞር ሰሙ ይሰነጠቃል፤ ሰሙ ከተሰነጠቀ አውራ ጣቱ ይሄዳል።

ገባን። ሦስተኛው ነጋሪት ተጎሰመ፣ በሩ ተዘጋ። አገረ ገዥው ግን አልመጣም። ሰው ሞልቷል፤ ግንበኞች፣ ሸማኔዎች፣ ነጋዴዎች፣ በዓል ነው ተብለው በጭፍራ የተነዱ ሁሉ። ጊዜው ይሄዳል። በባለቤቴ ሐሳብ ውስጥ ያለው ድስት መሞቅ ጀምሯል።

ሹሙ በገናውን ገላመጠ። "አውታሩ አዲስ ነው ልበል? ሁለቱ ያበራሉ።" ወደ እማማ ጣት መጣ። "ጌታችን ከመግባታቸው በፊት አንዴ ልስማው።"

አሁን ከሰማው አለቀ፤ ሁለቱም መንገድ ጀምረዋል። እማማ ጣት እጃቸውን አውታሩ ላይ አሳረፉ። እኔ ተነሣሁ። ጉድ አፍ አለኝ፤ ቢያንስ አንድ ቀን ሥራ ይሥራ።

"ጌታው፣ የማንን አውታር ነው እንደገና የምትሰማው?"

"ቦታህ ተቀመጥ፣ አያ አይላላም።"

"ይኸውልህ፣ ራስህ ጠራኸኝ። ስሜ ማነው? አይላላም። ለምን ተባልኩ? የዛሬ ሁለት ዓመት ለቤተ መንግሥቱ ክራር አውታር የገጠምኩት እኔ አይደለሁም? እስካሁን ላልቷል?"

"አልላላም" አለ ሹሙ።

"እንግዲያው የምትጠራጠረው የኔን አውታር ሳይሆን ደጅ ላይ የሰማውን የራስህን ጆሮ ነው። ሰው በራሱ ማኅተም ካልታመነ ለምን ሰሙን ይፈጃል?"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ አንድ ረድፍ ሙሉ ሳቀ። ሹሙ ጆሮው ቀላ። እኔን ግን ማን ያስቆመኛል፤ "ላልቶ ቢገኝ" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "ያው አውታር በአንገቴ ታስሮ፣ እየተለፈፈብኝ ገበያውን ልዙር።"

ባለቤቴ ጭኔን እስኪጠቁር ቆነጠጠችው።

"ሁላችሁም ሰምታችኋል" አለ ሹሙ፣ እና ወደ ቦታው ተመለሰ። ወዲያው መለከት ተነፋ፤ አገረ ገዥው ገባ።

አገረ ገዥው ግርማ ያለው ሰው ነበር፤ ከእኔ በትንሹ ያጥራል። ተቀመጠና እጁን አወዛወዘ። እማማ ጣት ጀመሩ።

ወደ ከተማ የገባበትን ዜማ ደርሰውለታል፤ ፈረስ ሲረግጥ ይሰማል፣ በር ሲከፈት ይሰማል። በስምንት አውታር ብቻ። ሙዚቃ የማያውቅ ሰው ምን እንደጎደለ አይነግራችሁም፤ አንድ ነገር መጉደሉን ግን ሁሉም ያውቃል። በየጊዜው ዜማው ወደ አንድ ደጃፍ ይደርስና ሳይገባ ይመለሳል። ሰው በመቀመጫው ላይ ይቁነጠነጣል። አገረ ገዥው ግን እንደ ጠገበ በቅሎ ራሱን ይነቀንቃል።

ባለቤቴ አንድ ጊዜ አሳለች።

እማማ ጣት ወዲያው አልነኩም። ዜማውን አንድ ጊዜ ዙሪያውን መለሱት፤ ከአልጋ ሲነሡ ጫማ እንደሚፈልግ እግር። ከዚያ አውራ ጣታቸው ሦስተኛው ላይ ወደቀ።

ሦስተኛው ዝቅ ብሎ፣ በትክክል ዝቅ ብሎ ተናገረ። ሹሙ በተቀመጠበት ቀና አለ፤ አንድ አውታር ብቻ ስለሆነ ጆሮውን ተጠራጠረ መሰለኝ። ወንበሩን ጨብጦ ባለቤቴን ማየት ጀመርኩ። አላሳለችም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ትቆጥራለች። እማማ ጣት ሦስተኛውን እየደጋገሙ ይጠብቃሉ። ከዚህ በላይ ከጠበቁ ሹሙ ይነሣል።

ሁለት ጊዜ አሳለች።

ሰባተኛው ሲነካ፣ የነበረ ሁሉ እማኝ ይሁነኝ፣ የአዳራሹ ምሰሶ ወደ ግንብነት ተመለሰ። ያ በዜማው ውስጥ ያልተገባበት ደጃፍ ተከፈተና ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፍ ጀመረ። ማንም አፉን አልከፈተም። አፍ በአዋጅ ይዘጋል፤ የተዘጋ አፍን ግን ማን ይከሰዋል። ከኋላው ረድፍ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ከንፈሩን ገጥሞ አንጎራጎረ። ቀጥሎ ያለው ተቀበለው። ሸማኔዎቹ ተቀበሉ። በመጨረሻ ሦስት መቶ ሰው፣ እኔ ሦስት ሺህ ነው የምለው፣ አፉን ዘግቶ ያንጎራጉር ጀመር፤ ሦስት መቶ አንገት ቀና ብሏል።

አገረ ገዥው ራሱን መነቅነቅ አቆመ። "ይሄ ምንድን ነው?" አለ።

ሹሙ ፊቱ እንደ ሰሙ ቀልጧል። "ጌታዬ፣ ይሄ... የግንብ ቅኝት ነው።"

አገረ ገዥው እጁን አነሣ። እማማ ጣት ግን አላቆሙም፤ የጀመሩትን መስመር እስከ ጫፉ ሄደው ጨረሱት። ከዚያ መዳፋቸውን ጥለው አውታሩን ዝም አሰኙት።

"አሮጊት፣ ማን ቃኘው?"

"መቃኛውን እየው፣ ልጄ" አሉ። በሕይወቱ ልጄ ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም። ሹሙ ሮጦ ማኅተሞቹን አየ። አሥሩም ደህና ናቸው፤ አንድም ሰም አልተሰነጠቀም።

"አልተነካም" አለ ሹሙ፤ ድምፁ ሞቷል። ካልተነካ ደጅ ላይ የዋሸው እሱ ነው ማለት ነው።

አገረ ገዥው አንዴ እሱን አንዴ እማማ ጣትን ያያል። እማማ ጣት ቀስ ብለው ተነሡ። ሲነሡ ዓይናቸውን አየሁት፤ ደስ ብሏቸዋል። ሰባ ዓመት የጠበቁትን ቃል ሊናገሩ ነው። "ዜማው የኔ ነው" አሉ። "የመረጥኩትም እኔ..."

"አውታሬ ላላ" አልኩ።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። በሕይወቴ ካልኳቸው ቃላት ሁሉ አጭሩና ከባዱ ነው። ሰው ሁሉ ዞረብኝ።

"ምን አልክ?" አለ አገረ ገዥው።

"አውታሬ ላላ፣ ጌታዬ። ሦስተኛውና ሰባተኛው። አዲስ ነበሩ፤ ድንጋይ ሳላንጠለጥልባቸው ገጠምኳቸው። በራሳቸው ጊዜ ወረዱ። እኚህ ሴት ደጅ ላይ በተፈተሸው ቅኝት ልክ ነው የተጫወቱት። ጥፋቱ የእጄ ነው። እኔ መጥፎ አውታር ገማጅ ነኝ።"

እማማ ጣት በዓይናቸው ሊገድሉኝ ነበር። "አንተ..." አሉ።

"ላልቷል፣ ጌታዬ" አለ ሹሙ ፈጥኖ። ጣቱን አውታሩ ላይ አድርጎ፣ የሚሰጥም ሰው ገመድ እንዳገኘ አጥብቆ ያዘው። "በጣም ላልቷል። እንዲህ ያለ የማይረባ አውታር አይቼ አላውቅም። ደጅ ላይ ትክክል ነበር፤ ወርዶ ነው። እሱ ራሱ፣ ላልቶ ቢገኝ አውታሩ በአንገቴ ታስሮ ገበያውን ልዙር ብሎ ነበር።"

"አይላላም የሚሉህ አንተ አይደለህም?" አለ አገረ ገዥው።

"ይሉኝ ነበር" አልኩ።

መጀመሪያ አገረ ገዥው ሳቀ። ጭፍሮቹ ተከተሉት። ሰው የሚስቅበት ሲያገኝ የሚቆርጠውን ይረሳል። "በአንገቱ እሰሩለት" አለ። "ራሱ በፈረደው።"

ሁለቱን አውታሮች ፈትተው በአንገቴ አሠሯቸው። አንድ ለፋፊ ፊቴ ቀደመ። "አውታሩ የሚላላ፤ ሰምተህ እወቅ፤ አውታሩ የሚላላ" እያለ። እማማ ጣት በደጃፉ ሳልፍ ክንዴን ያዙኝ። አሥሩም ጣቶቻቸው ክንዴ ላይ ነበሩ፤ ቆጥሬያቸዋለሁ።

"ቃሌን ቀማኸኝ" አሉ።

"ነገ ሌላ ዜማ ይደርሱበታል" አልኩ። "ያለ ጣት አይሆንም።"

ባለቤቴ ከጎኔ ሆና መራመድ ጀመረች። ማንም አላዘዛትም። ትንሽ ሄደን "ሃያ ዓመት ስትዋሽ" አለችኝ ፊቷን ሳታዞር፣ "እንደ ዛሬ አምሮብህ አያውቅም።"

"መጥፎ ገማጅ ነኝ ማለቴ ውሸት ነበር?"

"እሱንስ ቅርጫቱ ያውቃል።"

መዳብ ቀጥቃጮቹ ጋ ስንደርስ ለፋፊው ሲጮህ መዶሻው ሁሉ ቆመ። ሊስቁ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ወሬው ግን ቀድሞኛል፤ አዳራሹ ውስጥ የሆነውን ከእኔ በፊት ሰምተውታል። አንዱ አዛውንት ቀጥቃጭ እጁን እየጠረገ ወጣና አንገቴ ላይ ያሉትን አውታሮች በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

"አያ" አለ ዝግ ብሎ፣ ለፋፊው እንዳይሰማ። "ከዚህ ከሚላላው አለህ?"

ከቀጥሎው ሱቅ ሌላው ብቅ አለ። "ለኔም፣ ሦስተኛና ሰባተኛ ብቻ።" ገበያውን ዞሬ ስጨርስ በየደጃፉ እንደዚያ ነበር፤ ለፋፊው ፊት ፊት እያለ ያዋርደኛል፣ ከኋላ ከኋላ ሰው አውታር ያዝዘኛል። እንዲያውም አገረ ገዥው ራሱ ለፋፊ የሰጠኝ ነጋዴ በከተማው እኔ ብቻ ነኝ።

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ ቅርጫቱን ፊቴ ገለበጠችው። የሚሆን አንድም አልቀረም፤ ሁሉም የሚበጠስ ወይም መውረዱን የማያቆም። አንድ ነጭ፣ ያልተገመደ አንጀት አምጥታ ጭኔ ላይ ጣለች።

"በል፣ አበላሽልኝ" አለች።

ጀመርኩ። እጄ በልማዱ ያጠብቃል፤ እሷ "ላላ" ትላለች። እንደገና ያጠብቃል፤ "ላላ" ትላለች። ብዙ ፈጀብኝ። በመጨረሻ ግን ተሳካልኝ፤ ድስት ውሃ ጥደን ፈተንነው፤ ገንፍሎ ሳያበቃ ጥፍር ታህል ወርዶ ቀጥ አለ። እውነት ለመናገር ደግሞ፣ መጥፎ አውታር በመግመድ እኔን የሚያህል በዚያ ከተማ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልተነሣም።